አሮጌ ሞተር ሳይክል ይዞ ወደ ወልዲያ

ከደሴ እስከ ወልዲያ ያለው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዲስ መኪና ከሄዱ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳንና መርሳን በመስኮት እያዩ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ይደርሳሉ። ከአባት ወይም ከአያት የተረፈች፣ ግቢው ጥግ በሸራ ተሸፍና የኖረች ሞተር ሳይክል አድሰው ከሆነ የሚጓዙት ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ መንገድ ላይ የሚፈትንዎት ቁልቁለቱና ሙቀቱ ናቸው፤ የሚፈተነው ደግሞ ቀለሙና ኒኬሉ ሳይሆን ዓይን የማይገባው የማቀጣጠያ ሽቦ ነው።

ይህን መንገድ በወረራው ዘመን የሠሩት ጣሊያኖች ሞቶ ጉዚ የተባሉ ወታደራዊ ሞተር ሳይክሎችም ነበሯቸው። እነሱ ሄዱ፤ ካንዴላና ቦቢና የሚሉት ቃላት ግን በጋራዦቻችን ቀሩ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እነዚህን ቃላት የሚያውቅ እጅ እየተወደደ መሄዱ አይቀርም።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ከባትሪው የወጣው ሽቦ በቁልፉ በኩል ወደ ቦቢናው ይገባል፤ ከቦቢናው ወጥቶ ኮንታክት ወደሚባሉት ሁለት ትንንሽ ብረቶች ይደርሳል። ኮንታክቱ በተከፈተ ቁጥር ቦቢናው የባትሪውን 6 ቮልት ከ10 ሺህ በላይ አድርጎ ወደ ካንዴላው ይልከዋል፤ ብልጭታው ይህ ነው። ለእሽቅድምድም የተሠሩ የድሮ ሞተሮች ባትሪውን ለክብደት ሲሉ ጭራሽ ትተው በማግኔቶ ነበር የሚነሱት፤ ሞተሩ ሲዞር ማግኔቶው ራሱ ኤሌክትሪኩን ያመነጫል።

የሚያስቸግረው ዝርዝሩ ነው። ባለ 6 ቮልት ሞተር ከባለ 12ቱ ይልቅ ለተመሳሳይ ኃይል እጥፍ ከረንት ስለሚስብ ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል፤ ከቤት የተረፈ ቀጭን ሽቦ አይሆነውም። መሪው ሥር ሽቦውን ትንሽ ላላ ያድርጉት፤ አለበለዚያ መሪው በዞረ ቁጥር እየተወጠረ ውስጡ ይበጠሳል፣ ላዩ ደህና መስሎ ይቀራል። በብረት ቀዳዳ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ጎማ ይደረግ። የኮንታክቱ ክፍተት በአብዛኞቹ ሞተሮች 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ መለኪያ ከሌለ ደህና ቢዝነስ ካርድ ያዘልቃል። (ልጆች ካርዱን መያዝ ይወዳሉ፤ ይስጧቸው። ብልጭታ ሲፈተሽ ግን ከቤንዚንም ከካንዴላውም ያርቋቸው፤ ያ ቮልቴጅ ቀልድ አያውቅም።)

አሁን ወደ ሀብሩ እንውረድ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የሀብሩ ወረዳ ከተማ መርሳ ደግሞ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በአዲስ አበባ ስስ አየር ልክ የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ ቆላው ሲወርድ አየር ይበዛበታል፣ ሞተሩም ይግላል። አሮጌ ቦቢና ማንነቱን የሚያሳየው ይሄኔ ነው፤ ሲሞቅ ይሞታል፣ ሲበርድ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። እንዲህ ከሆነብዎት ቤንዚን አለቀ ብለው አይድከሙ። ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ካንዴላውን ፈተው ከሞተሩ ብረት ጋር በማስነካት ብልጭታውን ይዩ። ሰማያዊና ወፈር ያለ ከሆነ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ቦቢናውን ወይም ኮንደንሰሩን ይጠርጥሩ። ኮንታክቱ መሃል ብዙ ብልጭታ ከታየና ብረቶቹ ከጠቆሩ ኮንደንሰሩ ነው። ትንሽ ዕቃ ነው፤ አንድ መለዋወጫ ኪስ ውስጥ ይዞ መሄድ ያዋጣል።

ደግነቱ መርሳ ለመቆም የሚከፋ ቦታ አይደለም። ሞተሩ እስኪበርድ ማንጎና ፓፓያ ገዝተው ጥላ ሥር ይቀመጡ። እኔ እንደማየው፣ እነዚህን ከተሞች በመስኮት ብቻ የሚያውቋቸው ሰዎች ብዙ ነገር አምልጧቸዋል። ከመርሳ አልፎ፣ በግብርና ምርምር ማዕከሏ የምትታወቀው ስሪንቃ አለች።

ወልዲያ ሲገቡ ባጃጆቹ ይቀበልዎታል። የባጃጅ ጠጋኝ ስለ ማግኔቶ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ የተበጠሰ ሽቦ ፈልጎ ማግኘትና በሊድ መበየድ ግን የዕለት ሥራው ነው። «ወንድሜ፣ አሮጌ ናት፤ ቀስ በል» ብለው ይስጡት፣ አጠገቡም ይቀመጡ። ልጆቹን ይዘው ከሆነ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውንና 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘውን የከተማዋን ስታዲየም እስከዚያው ያሳዩአቸው።

ከዚያ በኋላ ወደ ምዕራብ፣ ቻይናውያን በደርግ ዘመን በሠሩት መንገድ ወደ ጋሸና የሚወጣው ዳገት አለ። የላሊበላ መገንጠያ እዚያ ነው። የመንገዱን ሰላም ለአካባቢው ሰው ይጠይቁ፣ ካንዴላውን ይቀይሩ፣ ጠዋት በብርዱ ይነሱ።