ሳያውቁ መሣቅ
በላይፕዚግ ከተማ ሳለሁ አምስት ሰዎች የባኽን ዜማ ሲጫወቱ ለመስማት ሄድሁ። ባኽ በዚያች ከተማ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1723 ጀምሮ በ1750 እስኪሞት ድረስ የመዘምራን መምህር ነበረ። መሣሪያዎቹም በርሱ ዘመን እንደ ነበሩት ናቸው፤ የቫዮሊኑና የቼሎው አውታር እንደ በገና አውታር ከበግ አንጀት የተፈተለ ነው።

ተጫዋቾቹ አንዱን ዜማ በጨረሱ ቍጥር አውታራቸውን እንደ ገና ይቃኙ ነበር። እኔም «እነዚህስ ገና ተማሪዎች ናቸው» ብዬ ሣቅሁ።

ቼሎ የሚመታው ሽማግሌ ሰምቶኝ ኖሮ፥ በመጨረሻ ወደ እኔ መጥቶ «ልጄ፥ አንጀት ሙቀትና እርጥበት ሲነካው ቅኝቱ ይዛባል። ስለዚህ ከመጫወታችን በፊት እርስ በርሳችን እንደማመጣለን» አለኝ። እጅግ አፈርሁ፤ ይቅርታም ለመንሁት።

ልጆች ሆይ፥ የሰውም ልብ ከቅኝቱ ይወጣል። ራሱን ዘወትር የሚያቃና አያፍርም፤ ሳያውቅ የሚሥቅ ግን ያፍራል።