የስሪራንጋም ሰባት ቅጥሮች

ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው ስለ ስሪራንጋም ነው። በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ፣ የካቬሪ ወንዝ በከበበው ደሴት ላይ ያለ የቪሽኑ ቤተ መቅደስ ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ የተሠሩ ሰባት ቅጥሮች አሉት፤ ግቢው 63 ሄክታር ያህል ይሰፋል። በውጪኞቹ ቅጥሮች መካከል ሰው ይኖራል፣ ይገበያያል።

ያ ሁሉ ግንብ ግን አላዳነውም። እ.ኤ.አ. በ1311 የዴልሂ ሱልጣን ጦር በማሊክ ካፉር መሪነት ዘረፈው፤ በ1323 ሌላ ጦር መጣበት። ያን ጊዜ ምእመናኑ የአምላካቸውን ምስል ይዘው ተሰደዱ። ከአገር አገር እያዞሩ፣ እየደበቁ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጠበቁት! በ1371 በደቡብ ሕንድ የነበረው የቪጃያናጋር መንግሥት ሰዎች ወደ መንበሩ መለሱት። በልጅነቱ ሲወጣ ያየ፣ ሸምግሎ ሲመለስ ለማየት የበቃ ሰው ይኖር ይሆን? ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

በ1752 ደግሞ ፈረንሳዮች ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጉ እዚያው መሽገው፣ በመጨረሻ እጃቸውን ሰጡ። የጸሎት ቦታ የባዕዳን ምሽግ መሆኑ ያሳዝናል።

ለዘመናት በጅምር የቀረው ታላቁ የደቡብ በር የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ቁመቱ 73 ሜትር ያህል ነው።