ከመጽሐፍ ገጽ ወደ ሲኒማ ሸራ፤ የወጣቶች ልብ ወለድ መጨረሻ ለማን ሲባል ይለወጣል?

ከልብ ወለድ የተቀዳ ፊልም በታየ ቍጥር ተመልካቹ ገና ከአዳራሹ ሳይርቅ የሚሰጠው የታወቀ ፍርድ አለ፤ «መጽሐፉ ይበልጣል» የሚል። ፍርዱ ብዙ ጊዜ እውነትነት አይታጣበትም። ምክንያቱ ሲጠየቅ ግን የሚሰጠው መልስ ከቈጠራ እምብዛም አያልፍም፤ ይህ ትዕይንት ተዘሏል፣ ያኛው ገጸ ባሕርይ ተትቷል፣ የጀግናይቱ መልክ አንባቢ እንዳሰበው አይደለም ይባላል። ሦስትና አራት መቶ ገጽ የያዘ ታሪክ በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ እንዳለ ሊገባ እንደማይችል የታወቀ በመሆኑ፣ የጐደለውን መቍጠር ብቻውን ሂስ ለመባል አይበቃም። ከዚህ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው፣ የተቀነሰው የተቀነሰው፣ የተለወጠውም የተለወጠው ለማን ሲባል ነው የሚለው ነው።

ጥያቄው ለወጣቶች በተጻፉ ልብ ወለዶች ላይ ሲነሣ ክብደቱ ይጨምራል። ከልጅነት ወጥቶ ለአዋቂነት ያልበቃ አንባቢ ሞትን፣ በደልንና ብቸኝነትን በኑሮው እየቀመሳቸው ስማቸውን ሳያውቅ ይቈይና፣ ብዙ ጊዜ ስማቸውን የሚያገኘው በመጽሐፍ ውስጥ ነው። ስለዚህም በዚህ ዘርፍ የተዋጣላቸው ደራስያን አንባቢያቸውን አያባብሉም፤ ከባዱን ነገር ሊሸከመው እንደሚችል አምነው ያስረክቡታል። የፊልም ሥራ ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ወገን ወጣቱ ተመልካች ደስ ብሎት ወደ ቤቱ እንዲገባ ይሻል። በደራሲው እምነትና በገንዘብ አውጪው ሥጋት መካከል ያለው ትግል ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በታሪኩ መጨረሻ ላይ ነው። ቀጥሎ የሚነሡት አምስት ሥራዎች ይህንኑ በየመልኩ ያሳያሉ፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ከማንም ሥጋት ሳይሆን ከጥበቡ ባሕርይ የሚመጣውን ልዩነት ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ካሜራ ፊትን እንጂ ሐሳብን አያነሣም። አሜሪካዊቷ ሱዛን ኮሊንስ በ2008 ያሳተመችውን «የረሃብ ጨዋታዎች» የምትተርከው ባለታሪኳ ራሷ፣ ነገሩ በሚፈጸምበት ቅጽበት ነው። ካትኒስ ኤቨርዲን የተባለችው የ16 ዓመት ልጅ ከሌሎች 23 ወጣቶች ጋር ለቴሌቪዥን ትርዒት እስከ ሞት እንድትታገል በተጣለችበት ሜዳ፣ ከፒታ ጋር በፍቅር የወደቀች ትመስላለች። አንባቢ ግን መሳሙ ከውጭ ለሚላክ ምግብና መድኃኒት ሲባል የተሰላ መሆኑን፣ ስሌቱና ስሜቱም እየተደባለቁ እርሷን ራሷን ግራ እንደሚያጋቧት ከውስጧ ሆኖ ይከታተላል። ጋሪ ሮስ በ2012 ባዘጋጀው ፊልም ተመልካቹ መሳሙን ያያል፤ ስሌቱን ግን በግምት ብቻ ይደርስበታል። በዚህም የሲኒማው ተመልካች ሳያውቀው በታሪኩ ውስጥ ባለው የቴሌቪዥን ተመልካች ወንበር ላይ ይቀመጣል። በአንጻሩ ፊልሙ ካትኒስ ልታያቸው የማትችላቸውን ነገሮች አሳይቷል፤ ጨዋታውን ከጀርባ የሚመሩትን ሰዎች የመቈጣጠሪያ ክፍል፣ ሩ የተባለችው ትንሽ ልጅ ከሞተች በኋላም በትውልድ አውራጃዋ የተነሣውን ዐመፅ። መጽሐፉ የአንዲትን ልጅ ኅሊና ከፍቶ ሲያሳይ፣ ፊልሙ የጨቋኙን ሥርዓት አሠራር ከፍቶ አሳይቷል። ከፊልሙ ድርሰት ጸሐፊዎች አንዷ ደራሲዋ ራሷ ነበረች፤ ልውውጡም ኪሳራና ትርፍ የተመዛዘኑበት ነው።

ገጽ ሊሸሽገው የሚችለውን ነገር ሸራ ሊሸሽገው የማይችልበት ጊዜም አለ። ሎይስ ላውሪ በ1993 ያሳተመችው «ሰጪው» ሕመምም፣ ጦርነትም፣ ምርጫም የሌለበት ማኅበረሰብ ታሪክ ነው። ዮናስ የተባለው የ12 ዓመት ልጅ አንድ ቀን የወረወረው ፖም በአየር ላይ ሳለ ሲለወጥ ያያል፤ ምኑ እንደተለወጠ ግን አያውቅም። አንባቢም አያውቅም። ልጁ ያየው ቀይ ቀለም እንደነበረ፣ በዚያ ማኅበረሰብም ቀለም የሚባል ነገር ከጠፋ ዘመናት እንዳለፉ የሚገለጸው ከብዙ ምዕራፎች በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰማዩን ሰማያዊ፣ ሣሩንም አረንጓዴ አድርጎ በሐሳቡ ሲሥል የቈየው አንባቢ ያን ጊዜ ይደነግጣል። ፊሊፕ ኖይስ በ2014 ያዘጋጀው ፊልም በጥቁርና ነጭ ስለሚጀምር ምሥጢሩ ከመነሻው የተገለጠ ነው። ቀለሙ ቀስ በቀስ ሲገባ ለዓይን ያማረ ቢሆንም ያ ድንጋጤ የለም።

ይህ ከጥበቡ ባሕርይ የመጣ ነው ሊባል ይችላል። የልጁን ዕድሜ ከፍ ማድረጉና የፍቅር ታሪክ መጨመሩ ግን ሌላ ምክንያት አለው። በመጽሐፉ መጨረሻ ዮናስ ሕፃኑን ታቅፎ በበረዶ በተሸፈነ ኮረብታ ላይ ሲንሸራተት፣ ከታች መብራት የሚያይና ዜማ የሚሰማ ይመስለዋል፤ ይድን ወይም ይሞት እንደሆነ ላውሪ በዚያ መጽሐፍ ለአንባቢ ትታዋለች። ፊልሙ ግን ቤቱን አሳይቶ፣ ወደ ኋላ የቀረው ማኅበረሰብም ትዝታው ሲመለስለት አሳይቶ ጥርጣሬውን ያነሣል። የ12 ዓመት ልጅ ይሸከመዋል ተብሎ የተጻፈው ጥርጣሬ፣ ከእርሱ በዕድሜ ለሚበልጠው ተመልካች ከባድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፊልሙን የሚጠይቀው ወጣቱ ራሱ ነው። የኦክላሆማዋ ኤስ. ኢ. ሂንተን «ባይተዋሮቹ» የተባለውን ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረችው ገና የ15 ዓመት ተማሪ ሳለች ሲሆን፣ በ1967 ሲታተም ዕድሜዋ 18 ነበር። ተራኪው ፖኒቦይ ወላጆቹ ሞተውበት ከሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ ጋር የሚኖር የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ ከነገር ሁሉ የሚፈራውም ባለሥልጣኖች ሦስቱን ወንድማማቾች እንዳይለያዩአቸው ነው። በ1980 በካሊፎርኒያ በፍሬዝኖ አካባቢ የሚገኘው የሎን ስታር ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛና ተማሪዎች መጽሐፉን ወደ ፊልም እንዲለውጠው ለፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ጻፉ። በ1983 የወጣው ፊልምም መታሰቢያነቱ ለእነርሱ ሆነ። ይሁን እንጂ ለአዳራሽ የቀረበው ፊልም 91 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ የወንድማማቾቹ የቤት ውስጥ ኑሮ በብዛት ተቈርጦ፣ ድብድቡና ሽሽቱ ጐልቶ ታየ። ኮፖላ በ2005 «ሙሉው ልብ ወለድ» በሚል ስያሜ 22 ደቂቃ ያህል መልሶ ጨመረበት። የተመለሰው ክፍል ታሪኩ ስለ ሰፈር ጠብ ብቻ ሳይሆን፣ እንዳይፈርስ ስለሚታገል አንድ ቤት ጭምር መሆኑን አስታወሰ። ጠያቂዎቹ ተማሪዎች ግን በዚያን ጊዜ ጐልማሶች ሆነው ነበር።

መጨረሻን መለወጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ጐልቶ የሚታየው ግን በሮበርት ኮርሚየር «የቸኮሌት ጦርነት» ነው። በ1974 የታተመው ይህ ልብ ወለድ የሚፈጸመው በአንድ የካቶሊክ የወንዶች ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ወንድም ሊዮን የተባለው ኃላፊ ተማሪዎቹ 20,000 ሣጥን ቸኮሌት እንዲሸጡ ያዛል፤ በአርቺ ኮስቴሎ ብልጠት የሚመራ የተማሪዎች ምሥጢራዊ ማኅበርም ትእዛዙን በማስፈጸም ይተባበራል። እናቱ የሞተችበት አዲስ ተማሪ ጄሪ ሬኖልት መጀመሪያ በማኅበሩ ትእዛዝ ለአሥር ቀን አልሸጥም ይላል፤ አሥሩ ቀን ሲያልቅ ግን ማንም ሳያዘው በገዛ ፈቃዱ አልሸጥም ብሎ ይጸናል። ከዚህ በኋላ ትምህርት ቤቱ በሞላ ይነሣበታል። በመጨረሻ ተማሪዎች በተሰበሰቡበት የቦክስ ግጥሚያ ጄሪ ኤሚል ጃንዛ በተባለ ጉልበተኛ ተደብድቦ ይወድቃል፤ አርቺ ሥልጣኑ እንደተጠበቀ ይቀራል፤ የቈሰለው ልጅም ለጓደኛው ሊነግረው የሚሻው መቃወም ከንቱ መሆኑን ነው። አሳታሚዎች ይህን ፍጻሜ እንዲያለዝበው ቢጠይቁትም ኮርሚየር እምቢ ብሏል። መጽሐፉም በአሜሪካ ከትምህርት ቤትና ከቤተ መጻሕፍት ይወገድ የሚል አቤቱታ በብዛት ከቀረበባቸው መጻሕፍት አንዱ ሆኖ ኖሯል።

ኪት ጎርደን በ1988 ያዘጋጀው ፊልም እስከ ግጥሚያው ድረስ መጽሐፉን ተከትሎ ይሄድና እዚያ ላይ ይታጠፋል። አርቺ በዕጣ ጥቁሩ ብይ ስለሚወጣበት ራሱ ወደ ግጥሚያው እንዲገባ ይገደዳል፤ ጄሪም ያሸንፈዋል። አዘጋጁ ድሉን ጣፋጭ እንዳላደረገው ሊመሰከርለት ይገባል፤ ጄሪ በቡጢ ባሸነፈ ጊዜ ለማኅበሩ የፈለገውን ትርዒት እንደሰጠው ይገባዋል፤ የማኅበሩም ወንበር ወደ ሌላ ልጅ ተዛወረ እንጂ አልተሰበረም። ሐሳቡ የብልህ ሐሳብ ነው። ይሁንና በመጽሐፉ ውስጥ ለጄሪ ተስፋ መቍረጥ መልስ የሚሰጥ ማንም ስለሌለ፣ መልሱ የአንባቢው ዕዳ ነበር። ልጁ እንደተሳሳተ፣ መቃወሙም ከንቱ እንዳልነበረ መከራከር የሚገባው መጽሐፉን አንብቦ የዘጋው ወጣት ነው። በፊልሙ ግን በዳዩ በአደባባይ ሲመታ ያየ ተመልካች ዕዳው የተከፈለለት መስሎት ይነሣል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ምሳሌ የሚገኘው ከእንግሊዝ ነው። ባሪ ሃይንስ በባርንስሊ አጠገብ በሚገኝ የከሰል ማዕድን መንደር የተወለደ፣ የማዕድን ሠራተኛ ልጅና የስፖርት መምህር የነበረ ደራሲ ነው። በ1968 ያሳተመው ልብ ወለድ «ጭልፊት ለሎሌ» ይባላል፤ አርእስቱ በመካከለኛው ዘመን ለየማዕርጉ የተገባውን አዳኝ ወፍ ይዘረዝር ከነበረ ጽሑፍ የመጣ ነው። በዚያ ዝርዝር ንስር ለንጉሠ ነገሥት ሲሆን ለሎሌ የምትደርሰው ይህች ትንሽ ጭልፊት ናት። ቢሊ ካስፐር አባቱ ጥሎት የሄደ፣ ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት የቀረው፣ ከፊቱም ከማዕድን ጕድጓድ በቀር እምብዛም የማይጠብቀው ልጅ ነው። ጭልፊት መግራትን ከመጻሕፍት መደብር በሰረቀው መጽሐፍ ራሱን ያስተምራል። እንደ ሰነፍ ይታይ የነበረው ይህ ልጅ በክፍሉ ፊት ቆሞ ወፏን እንዴት እንደገራት ሲያስረዳ መምህሩም ተማሪዎቹም ጸጥ ብለው ይሰሙታል። ይህ ትዕይንት በመጽሐፉም በፊልሙም የታሪኩ ልብ ነው።

ኬን ሎች በ1969 ያዘጋጀውን «ኬስ» የተባለውን ፊልም ድርሰት የጻፉት ሎች፣ ፕሮዲዩሰሩ ቶኒ ጋርኔትና ሃይንስ ራሱ ናቸው። ቀረጻው የተካሄደው በዚያው በባርንስሊ ነው። ቢሊን ሆኖ የተጫወተው ዴቪድ ብራድሊ የአካባቢው ልጅ ነበር፤ የስፖርት መምህሩን ሆኖ የተጫወተው ብራያን ግሎቨርም በእርግጥ መምህር ነበር፤ ወፎቹን የገራውም የደራሲው ወንድም ሪቻርድ ነው። ስለዚህ በሸራው ላይ የሚሰማው አነጋገር የሠፈሩ አነጋገር ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው። ታላቅ ወንድሙ ጀድ ለፈረስ ውርርድ እንዲያስይዝለት የሰጠውን ገንዘብ ቢሊ ለሌላ ነገር ያውለዋል። ፈረሶቹ ያሸንፋሉ፤ ጀድም በቍጣ ጭልፊቷን ይገድላል። በመጽሐፉ ቢሊ ከቤት ወጥቶ ከብዙ መንከራተት በኋላ ወደ አንድ የተዘጋና የፈራረሰ ሲኒማ ቤት ይገባል፤ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር የመጣበት ነው። በጨለማው ተቀምጦም በሸራው ላይ ራሱንና ጭልፊቱን በሐሳቡ ያያል። ከዚያ ወደ ቤቱ ተመልሶ ወፏን ይቀብርና ይተኛል። ፊልሙ ግን የሲኒማ ቤቱን ትዕይንት ከነጭራሹ ትቶታል፤ ልጁ ወፏን ይቀብራል፤ ታሪኩም በዚያው ያበቃል።

በቈጠራ ከሆነ ይህ ትልቅ ጕድለት ነው። ለማን ሲባል ተቀነሰ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ለተመልካቹ ምቾት ሲባል አለመሆኑ ግልጽ ነው። የሐሳብ ፊልም ለቢሊ ጥቂት መጠለያ ነበር፤ እርሱ ሲወገድ በሸራው ላይ የቀሩት ልጁ፣ አፈሩና የሞተችው ወፍ ብቻ ናቸው። ሸክሙ ሳይቀልል ቀርቶ እንዲያውም ከበደ። የብሪታንያ የፊልም ተቋም በ1999 ባወጣው የ100 ምርጥ የብሪታንያ ፊልሞች ዝርዝር ይህ ያለ ማባበያ የሚያበቃ ፊልም 7ኛ ሆኖ ተመርጧል።

ከእነዚህ ሥራዎች የሚገኘው ትምህርት ለመጽሐፍ ታማኝ መሆን ማለት ገጹን በቍጥር መድገም እንዳልሆነ ነው። «ኬስ» አንድ ሙሉ ትዕይንት ጥሎ ለመጽሐፉ ታማኝ ሆነ፤ «የቸኮሌት ጦርነት» አብዛኛውን ጠብቆ በመጨረሻዋ ጥቂት ደቂቃ ከመጽሐፉ ተለየ። ልዩነቱ የሚገኘው ፊልሙ ለወጣቱ ባለው ግምት ላይ ነው። እውነቱን ቢነገረው ይሸከመዋል ተብሎ የታመነ ወጣት አለ፤ ይከፋዋል ተብሎ የተሠጋለትም አለ።

በመሆኑም ወጣቶችን የሚያስተምር መምህር ፊልሙን ለክፍሉ ሲያሳይ መጽሐፉን አስቀድሞ ማስነበብ፣ ከመጨረሻው ትዕይንት በፊትም ፊልሙን አቁሞ «እንዴት ያልቅ ይመስላችኋል? እንዴትስ ማለቅ ይገባዋል?» ብሎ ማከራከር ይችላል። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ አለመሆናቸውን የተረዳ ተማሪ ሂስ ጀምሯል። ታሪክን ከገጽ ወደ መድረክ ወይም ወደ ሸራ የሚያሸጋግር የኪነ ጥበብ ሰውም መጨረሻውን ለማለዘብ መቀሱን ሲያነሣ፣ ያን ከባድ ነገር ገና በአሥራ ሁለትና በአሥራ አምስት ዓመታቸው በኑሮ ያገኙት ብዙዎች መሆናቸውን ማስታወስ ይኖርበታል። ለእነርሱ የለዘበው መጨረሻ ማጽናኛ አይሆንላቸውም፤ የእነርሱ ኑሮ ለታሪክ እንዳልበቃ ይነግራቸዋል እንጂ።