ከጳውሎስ ይጀመራል

በ1980ዎቹ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ አስፋልት ዳር ዘርግተው የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከኪስህ በፊት አንተን ይመዝኑሃል። አንድ ጎረምሳ መጥቶ «የታሪክ መጽሐፍ አለ?» ሲል ዝም ብለው አያነሱለትም። «እስካሁን ምን አነበብክ?» መልሱ ካላጠገባቸው የጳውሎስ ኞኞን «አጤ ምኒልክ» ያወጡለታል። እውነታቸውን ነው። ከአራተኛ ክፍል ያላለፈው ያ ጋዜጠኛ ቤተ መንግሥቱን እንደ ጎረቤት ወሬ ያወራልሃል፤ ስልኩን፣ አውቶሞቢሉን፣ ሁሉንም።

ተክለ ጻድቅ መኩሪያ የሚመጡት ቀጥሎ ነው። ለረጅም ዘመን የትምህርት ቤት መማሪያ ስለነበሩ መጻሕፍታቸው ሽፋን አልባ፣ ጠርዛቸው በተማሪ ጣት የጠቆረ ነው። በገዛሁት ቅጂ ላይ፣ የጉንደት ጦርነት ካለበት ገጽ ዳር፣ አንዱ በእርሳስ «ይህ ለፈተና ይመጣል» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ በሌላ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፦ «አልመጣም»።

የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ «ዝክረ ነገር» ግን አስፋልት ላይ አይወጣም ነበር። በ1942 ታትሞ በ1962 የተደገመው ያ ወፍራም መጽሐፍ ከሻጩ ጀርባ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ዋጋው የማይቀመስ ስለነበር መታወቂያዬን በመያዣነት አስይዤ ተከራየሁት፤ ስለ ርስት፣ ስለ ማደሪያ፣ ስለ ግብር የሚለውን ማታ ማታ በደብተር እገለብጥ ነበር።

ስንቱ መጽሐፍ ደግሞ በኪሎ ተሽጦ አለቀ! ባለሱቁ ቅጠል ቅጠሉን እየቀደደ ስኳርና በርበሬ ይጠቀልልበታል፤ የአፄ ዮሐንስ ዘመን ከሩብ ኪሎ ስኳር ጋር ቤታችን የገባበት ቀን አለ። እናቴ ስኳሩን ስትገለብጥ እኔ ወረቀቱን እነጥቃታለሁ። ቀጣዩን ገጽ ማን እንደወሰደው እንጃ።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። «ዝክረ ነገር»ን ከቴሌግራም በአፍታ አወረደችው። እሰየው ነው፤ ያኔ እንዲህ ባገኘው ኖሮ ማን መታወቂያውን ያስይዝ ነበር? ግን ገና ሀ ሳትል የመሬት ሥሪት ውስጥ ገብታ በማግስቱ ዘጋችው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዝርዝር ብቻ ነው!» አለችኝ። ጳውሎሴን አዋስኳት። እስካሁን አልመለሰችልኝም፤ እኔም መጠየቁን ትቼዋለሁ።