«ገፍተን እናስነሳልሽ» ሲሉሽ

ይድረስ ለተወደድሽው ልጄ፤

አሮጌውን ሂሉክስ ይዤ ደብረ ማርቆስ ለሥራ እሄዳለሁ ካልሽ ወዲህ እናትሽ ስለ ስንቅሽ ታስባለች፣ እኔ ስለ ታይሚንግ ቺንጋው። ጎማ ሲተነፍስ ይታወቅሻል፤ ሞተር ሲግል ጌጁ ይነግርሻል። ቺንጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይናገር ነው የሚበጠሰው።

የአንቺ ሞተር ናፍጣ ነው፣ ቱ ኤል የሚሉት። ቺንጋው ጥርስ ያለው ላስቲክ ነው፤ ታች ክራንክሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር ላይ ካምሻፍቱን አንዴ ያዞራል፣ የናፍጣውንም ፓምፕ ይነዳል። ፒስተንና ቫልቭ በየተራ አንድ ቦታ ይደርሳሉ፤ ተራ የሚያስጠብቃቸው እሱ ነው። ሲበጠስ ቫልቮቹ ባሉበት ይቀራሉ፣ ፒስተኑ ግን በሩጫው ይመጣና ይገጫቸዋል። የቤንዚን ኮሮላ ያለው ሰው «መንገድ ላይ ተበጥሶብኝ ቺንጋ ብቻ ቀይሬ ሄድኩ» ቢልሽ አይዋሽም፤ ፎር ኤ ኤፍ ኢ የሚባለው ሞተር ክፍተት ስላለው ቫልቭና ፒስተኑ አይገናኙም። ያንቺ ይገናኛሉ።

ከተበጠሰ ሞተሩ ድንገት ጸጥ ይላል። ፍሪሲዮን ረግጠሽ ዳር ያዢ። መሪው ይከብድሻል። ፍሬኑ ጥቂት ጊዜ ረድቶሽ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ደጋግመሽ አትርገጪ፣ አንዴ ረግጠሽ አጥብቀሽ ያዢው። መኪናው ሳይቆም ቁልፉን እንዳትነቅዪ፣ መሪው ይቆለፋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርጂ ከሆነ ግን፣ ያ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ነውና፣ ፍሬኑ አልበቃ ካለሽ ማርሽ አስገቢ፣ የእጅ ፍሬን ሳቢ። ሞተሩ ይውደም።

ከቆምሽ በኋላ ያለው ነው የሚያሳስበኝ። የአገራችን ሰው የቆመ መኪና አይቶ አያልፍም። አንዱ «ባትሪ ነው» ይላል፣ ሌላው «አየር ስቦ ነው»፣ ከዚያ ሁሉም እጅጌያቸውን ይሰበስቡና «ገፍተን እናስነሳልሽ» ይላሉ። እሺ እንዳትዪ። ሳይጣመም የተረፈ ቫልቭ ካለ በግፊያው ያልቃል። ሞቶሪኖውንም አትንኪ፤ ሳታውቂ አንዴ ሞክረሽ ከወትሮው ቀልሎና ፈጥኖ ከዞረ ምልክቱ ያ ነው፣ ሁለተኛ አይሞከርም። ሴት ልጅ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች የሚልም አይጠፋም፤ አትከራከሪው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መካኒክ ጠርቻለሁ» በያቸው። ጉልበታቸውን መኪናውን ከመንገድ ለማውጣት ተጠቀሚበት፣ ማርሹን ዜሮ አድርገሽ። ለማስጠንቀቂያ ከኋላ የደረደርሽውን ድንጋይ ደግሞ ስትሄጂ አንሺው፤ ሾፌር ጥሎት የሄደው ድንጋይ በጨለማ ሰው ይገድላል።

ጋራዥ ስትደርሺ «አዲስ ቺንጋ አስሬ ላስነሳው» የሚል መካኒክ እንዳያጣድፍሽ። መጀመሪያ የታይሚንግ ምልክቶቹን ያጋጥም፣ ሞተሩን በመፍቻ በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር ቀስ አድርጎ ያዙረው፤ የሚነካ ነገር ካለ እዚያው ያቁም። ቀጥሎ ኮምፕሬሽን ይለካ። አንዱ ሲሊንደር ካነሰ ቴስታታው ይወርዳል። በመጀመሪያ የምትዋዋዪው የማውረጃውን ዋጋ ብቻ ነው፤ የጥገናውን ዋጋ ግን የተጣመመውን ቫልቭ በዓይንሽ ካየሽ በኋላ ትነጋገሪያለሽ።

ሶማሌ ተራ የማይገኝ የመኪና ዕቃ የለም። ያገለገለ በር፣ ያገለገለ መስታወት ግዢ፤ ያገለገለ ቺንጋ ግን በነጻ ቢሰጡሽም አትቀበዪ፣ ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ቺንጋ በተቀየረ ቁጥር መወጠሪያው ከነኩሽኔታው፣ ኦይል ሲሎቹም አብረው ይቀየሩ። ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜ የለውም።

ዳሽቦርድሽ ላይ «ቲ ቤልት» የሚል መብራት አለ። ቺንጋውን የሚያይ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ እሱ ኪሎ ሜትር ብቻ ቆጥሮ በ100,000 ይበራል። መቁጠሪያውን ከዚህ በፊት ማን እንደነካካው የሚነግረን የለም። የሸጠልን ሰው «ዓምና ተቀይሯል» አለ እንጂ ደረሰኝ አላሳየንም፤ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ነው የምቆጥረው።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን ይዘሽ ነይ፣ ከመንገድሽ በፊት አዲስ እናሳስር። ገንዘቡን እኔ እችላለሁ፣ በዚህ አትሟገቺኝ። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጽፈን ኮፈኑ ውስጥ እንለጥፋለን። ቅዳሜ መካኒኩ ሥራ ስለሚበዛበት ከሁለት ሰዓት አትለፊ።

አባትሽ