ፊሽካው

በመድረክ ላይ ብቻውን የሚቆም ተዋናይ ቃሉን የሚቀበለው፣ ሲሰናከል የሚደግፈው ጓደኛ የለውም። ብዙ ተዋንያን ያሉበት ተውኔት ጉድለቱ ገና በልምምድ ይታያል፤ አንዱ ሌላውን ያርመዋልና። በመነባንብ ግን ሁለተኛው ተዋናይ ተመልካቹ ነው፤ ተመልካቹም ለልምምድ አይመጣም። ያዘጋጀሁትን መነባንብ ይዤ ከአዲስ አበባ ከመውጣቴ በፊት በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለሙከራ ያሳየሁት በዚህ ምክንያት ነው። 60 ወንበር ደረደርን፤ 43 ሰው መጣ።

ብቻዬን ለመጫወት የወሰንሁት ከጥልቅ የጥበብ ሐሳብ ተነሥቼ ነው ብል ውሸት ይሆናል። 12 ተዋንያን ይዞ መንገድ መውጣት አውቶቡስ፣ አልጋና የውሎ አበል ይጠይቃል። አንድ ተዋናይና አንድ የመብራት ሠራተኛ ግን ወንበር፣ ፋኖስና ሻንጣ ይዘው የትም ይደርሳሉ። ነገሩ ለሕዝባችንም እንግዳ አይደለም። በ1910ዎቹ ዓመታት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ብቅ ከማለቱ ከብዙ ዘመን በፊት አዝማሪው በማሲንቆው፣ ፎካሪው በሽለላው፣ አልቃሿ በሙሾዋ ብቻቸውን ሕዝብ ፊት ሲቆሙ ኖረዋል።

ተውኔቱ የአንድ ጡረተኛ የምድር ባቡር ሠራተኛ ታሪክ ነው። ያ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር የነበረው አሮጌ መስመር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ሥራውን ያቆመው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄደው በሌላ ሐዲድ ነው። ሐሳቤ በአሮጌው መስመር ላይ ያሉትን አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽንና ድሬዳዋን በመኪና እየተከተልሁ ትርዒቱን ማሳየት ነበር። ዋናውን ነገር ግን አልተናገርሁም። ሠራተኛው አባቴ ናቸው።

ልጅ ሆኜ ስለ ባቡር ያልነገሩኝ ነገር የለም። ስለ ሌሊት ተራ፣ ስለ ጫት ነጋዴዎች፣ ከፈረንሳይኛ ጋር ስለ ተጋባው የጣቢያ አማርኛ ይተርኩልኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አላነሡም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ አንድ ፈጣን ባቡር በድልድይ ላይ ሐዲዱን ስቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያን ዕለት አባቴ ከአዋሽ ወዲህ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ተረኛ ነበሩ። ባቡሩ ሊደርስላቸው ይገባ ነበር።

የአባቴን ዝምታ እኔ በቃል ሞላሁት። በተውኔቱ መጨረሻ ሠራተኛው በአንደኛ መደብ እየተናገረ አደጋውን ይተርካል፤ ከዚያ ከኪሱ ፊሽካውን አውጥቶ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይነፋዋል፤ መብራቱም ይጠፋል። ፊሽካው የራሳቸው የአባቴ ነበር፤ ለምን እንደምፈልገው ሳይጠይቁ ነው ያዋሱኝ።

በዚያች ምሽት አባቴ በሦስተኛው ረድፍ፣ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው አጋማሽ ሠመረልኝ። ይሥቃል ብዬ ባልጠበቅሁት ቦታ ሁሉ ሕዝቡ ሣቀ፤ አንዳንዱ ሣቅ በአባቴ አነጋገር ላይ መሆኑን ልብ ሳልል ቀረሁ፤ ተዋናይ ሣቅ ሲሰማ ይሰክራልና። ፊሽካውን ስነፋ አዳራሹ ጸጥ አለ። መብራቱ ሲጠፋ ጭብጨባው ገና በጨለማ ፈነዳ። መብራት ሲመጣ 42 ሰዎች ቆመው ያጨበጭባሉ፤ የጥጉ ሰው እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ከዚያ ውይይት ሆነ። አንድ መምህር ቋንቋው ለወጣት ይከብዳል አሉ፤ አንዲት የተውኔት ባለሙያ መካከሉ መረዘሙን ጠቆመች፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ። በፊሽካው ግን ያልተደሰተ አስተያየት ሰጪ አልነበረም። የትርዒቱ ከፍታ እርሱ ነው ተባለ። እኔም በልቤ ተስማማሁ።

አባቴ የተናገሩት ቤት ከገባን በኋላ ነው። ፊሽካውን ጠየቁኝና በመዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት።

«ይኽ ለመነሣት የሚነፋ ነው» አሉኝ። «ባቡሩ ገብቶ፣ ሰው ወርዶ፣ ሰው ተሳፍሮ ሲያበቃ ነው የሚነፋው። ያን ቀን አልነፋሁትም። በእጄ እንደያዝሁት መሸ።»

«አባባ፣ ታሪኩን ላውጣው? እርስዎ ካልወደዱት...»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ፤ ጸሐፊው አንተ ነህ። አዋሽም ትሄዳለህ አይደል? እዚያ የሚያይህ ሰው ግን አያጨበጭብም።»

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አልቃሽ እንኳ ሙሾ ከማውረዷ በፊት ስለ ሟቹ ቤተ ዘመዱን ትጠይቃለች። እኔ የቀረበውን ዘመድ በቤቴ አስቀምጬ ሳልጠይቅ አለቀስሁ፤ ለልቅሶዬም ጭብጨባ ተቀበልሁ። ቼኾቭ ስለ ትምባሆ ጉዳት የሚናገረውን አጭር መነባንቡን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ጽፎ እስከ 1902 ደጋግሞ እንደ ለወጠው አስታወስሁ። ቀድሞ ይኽን ስሰማ የባለሙያ ጭንቀት ይመስለኝ ነበር።

ለጉዞው የቀሩን 9 ቀናት ነበሩ። የአደጋውን ትረካ በሙሉ አወጣሁት። አሁን ሠራተኛው መርሐ ግብሩን ያያል፤ ፋኖሱን ያበራል፤ ፊሽካውን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ ይጠብቃል። አይነፋም። የመብራት ሠራተኛው በሰዓቱ ሲለካው 40 ሴኮንድ ሆነ፤ ይረዝማል ብሎ ተከራከረኝ። በአዲስ አበባ አዳራሽ ምናልባት ይረዝም ይሆናል። በአዋሽ ይርዘም ይጠር ገና አላየንም።

የምንነሣው ሐሙስ ነው። ፊሽካው በመሐረብ ተጠቅልሎ በሻንጣው ውስጥ አለ፤ የጠቀለሉት አባቴ ናቸው። ትናንት ማታ ደግሞ አብረውን እንደሚሄዱ ነገሩኝ፤ በየትኛው ወንበር እንደሚቀመጡ ግን አልነገሩኝም።