ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬና ያርሲ ሯጮች

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ ጮሌ ድረስ ባለው ያርሲ ደጋ፥ ገብስና ስንዴ በሚዘራበት አገር፥ የሴት ልጅ ሩጫ ወደ ምንጭና ወደ ማገዶ ብቻ ይመስል ነበር። ከዚሁ ደጋ ከበቆጂ የወጣችው ደራርቱ ቱሉ ግን በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር አሸንፋ፥ ከጥቁር አፍሪካ ሴቶች መጀመሪያ ወርቅ ያገኘች ሆነች። ከአራት ዓመት በኋላም ሌላዪቱ ያርሲ ልጅ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ በማራቶን ድል አደረገች።

እነዚህን የመሩት አሠልጣኝ በሀንጋሪ የተማሩት ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬ ነበሩ። ስማቸው ሲነሣ ምስጋናና ክርክር አብረው ይነሣሉ። ልምምዳቸው ጽኑ፥ ቃላቸው አንድ ነበር፤ ሯጩ እንደ ልቡ መሮጥን አይፈቀድለትም። ወዳጆቻቸው ይህን ሥርዐት ሲሉት፥ ሌሎች ጭካኔ ይሉታል። ነገሩ ግን ለሁለቱም ወገን ቀላል አይደለም፤ ከፍታ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ደጋ ሁሉ ባለ ወርቅ ያፈራ ነበርና። ደግሞም ሰው የገንዘብን ሩጫ ከባንዲራ ሩጫ ጋራ ማስማማት በጀመረበት ዘመን፥ አሠልጣኝ የሚያዝበት ወሰን የት እንደ ሆነ ማንም አልቈረጠውም ነበር።

ሌላም ክርክር አለ። በበቆጂ ትምህርት ቤት ልጆቹን ገና በለጋነታቸው የለዩት መምህር ስንታየሁ እሸቱ ናቸው፤ ደራርቱም ከእርሳቸው እጅ ነው የወጣችው። ክብሩ ሁሉ ለዋናው ከተማ አሠልጣኝ ሲሰጥ፥ የገጠሩ መምህር ስም ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ቀረ፤ ይህም ፍርድ ትክክል አይመስልም።

ደራርቱ በ1990 ዓ.ም. ልጅ ከወለደች በኋላ ተመልሳ፥ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ያንኑ ወርቅ ደግማ ወሰደች። ዶክተር ወልደ መስቀል በግንቦት 2008 ዓ.ም. ዐረፉ። ደራርቱም ከ2011 እስከ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ሹም ሆነች። በ2013 ዓ.ም. ለቶኪዮ ኦሎምፒክ በተደረገው ዝግጅት ፌዴሬሽኑና የኦሎምፒክ ኮሚቴው ሲጣሉ፥ ወቀሳውን በአለቃነት ወንበር ተቀምጣ የሰማችው እርሷ ነበረች።